«ምን አደረገሽ?»፦ አልለቅ ያለ የቀድሞ ፍቅረኛና ግማሹን ብቻ የሚያይ ሕግ

«አላስቀምጥ አለኝ።»

አማርኛ ለዚህ ነገር የተለየ ስም የለውም። የደረሰባት ሴት «አልለቅ አለኝ»፣ «በሄድኩበት አለ»፣ «እየተከታተለ አስቸገረኝ» ትላለች፤ ሰሚውም የፍቅር ጣጣ አድርጎ ይወስደዋል። ከተለያዩ አራት ወር ሆኗቸዋል እንበል። ከሥራ ስትወጣ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላዋ ሦስተኛው ሰው እሱ ነው። ስልኩን ስትዘጋበት በሌላ ሲም ይደውላል፤ ያንንም ስትዘጋ ከሌላ ቁጥር «መልሰው ይደውሉልኝ» የሚለው ነጻ መልእክት በቀን ሃያ ጊዜ ይገባላታል። እናቷ ጋ ደውሎ ያለቅሳል። የሥራ ባልደረባዋን «አንድ ጊዜ ብቻ አገናኚኝ፣ ይቅርታ ልጠይቃት ነው» ይላል። አልመታትም። አልሰደባትም። አንዳንድ ቀን አበባ ይዞ ነው የሚቆመው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ስታመለክት የሚቀርብላት የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን አደረገሽ?» ነው። «ምንም» ትላለች፤ ነጥለው ሲያዩት እውነትም ምንም ነውና። መንገድ ላይ መቆም ወንጀል አይደለም። ስልክ መደወል ወንጀል አይደለም። አበባ ማምጣት ጭራሽ ደግነት ይመስላል። መርማሪው ብዕሩን ያስቀምጣል። በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ያ ብዕር ለምን እንደሚቀመጥ ነው።

የሚቀመጠው መርማሪው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የተማረው ሕግም፣ ያደገበት ልማድም ወንጀልን አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ እጅ የፈጸመው ነገር አድርገው ነው ያስተማሩት። ይህ ግን ድምር ነው። ጉዳቱ ያለው በሃያኛው ጥሪ ወይም በሰባተኛው ቀን መቆም ውስጥ ሳይሆን፣ ሴትየዋ ከቤት ከመውጣቷ በፊት በመስኮት ማየት በመጀመሯ፣ መንገዷን በመቀየሯ፣ ማታ ይሰጥ የነበረውን ትምህርት በመተዋ፣ ስልኳ በጠራ ቁጥር ሆዷ በመላወሱ ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ ማንም እጁን ሳያነሳ ማድረስ ይቻላል።

ደጅ መጥናትና አለመልቀቅ

ቋንቋችን ጽናትን ያከብራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እየተባልን ነው ያደግነው። ደጅ መጥናት የሚለውንም እናውቃለን፤ በድሮው ሥርዓት ሹመት ወይም ፍርድ የሚፈልግ ሰው ከጌታው ደጅ ወራትና ዓመታት ይቆም ነበር፣ መቆሙም አያሳፍረውም፣ እንዲያውም ያስመሰግነዋል። ይህ ሥዕል ወደ ፍቅር ሲሻገር ነገሩ ይበላሻል። ወንዱ ደጅ ጠኚ፣ የሴቷ እምቢታ ደግሞ የእሱ ትዕግሥት የሚለካበት ፈተና ይሆናል። «እምቢ ማለቷ ለወጉ ነው» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። እንዲህ በሚታሰብበት ቦታ የሴት ልጅ «አይሆንም» የሚያልቅበት ቀን የለውም።

ስለ ባህላችን ሲወራ ግን የሚዘለል ነገር አለ፤ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ጋብቻን በወግ የጠየቀ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው ገብቶ ቆሞ ይናገራል፣ ቤተሰቡ ቀጠሮ ይሰጣል፣ በቀጠሮው መልስ ይሰማል። መልሱ እምቢ ከሆነ ሽማግሌው ጋቢውን አጣፍቶ ይመለሳል። ጥያቄ ነበረ፣ መልስ ተሰጠ፣ ነገሩ አለቀ። ከዚያ በኋላ ከልጅቷ ደጅ የሚቆም ሰው ወግ አጥባቂ ሳይሆን ወግ ያፈረሰ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ መጠበቅን፣ በየሲሙ መደወልን «ያው የእኛ አገር ፍቅር እንዲህ ነው» ብሎ ለማለፍ የሚሞክር ሰው ስለ አገሩ ፍቅር በደንብ አልተማረም።

እነዚሁ ሽማግሌዎች ከመለያየት በኋላ ሲመጡ ግን ሥራቸው ይለወጣል፤ ይህንንም ሳይሸፋፍኑ መናገር ያስፈልጋል። እርቅ ለማድረግ ነው የሚመጡት። እርቅ ትልቅ ነገር ነው፤ የተጣሉ ወንድማማቾችን፣ የድንበር ባላንጣዎችን አስታርቆ ስንት ደም አድርቋል። እርቅ የሚሠራው ግን ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሲሆን ነው። እዚህ ጠብ የለም። አንዷ ሄዳለች፣ አንዱ አልቀበልም ብሏል። «ተይ እንጂ ልጄ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አነጋግሪው፣ ሰው እኮ ነው» የሚለው ምክር በቅንነት የሚሰጥ ቢሆንም አደገኛ ምክር ነው። ምክንያቱን ለማየት ብዙ መራቀቅ አያሻም። አርባ ጊዜ ተደውሎ ያልተነሳ ስልክ በአርባ አንደኛው ከተነሳ፣ ደዋዩ የተማረው ትምህርት «አትደውል» የሚል አይደለም፤ «አርባ አንድ ጊዜ ደውል» የሚል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሃምሳ ይደውላል። «የመጨረሻ ስንብት» የሚባለው ቀጠሮም እንዲሁ ነው፤ ለእሷ መጨረሻ የሆነው ለእሱ መጀመሪያ ነው። ከዚህ የባሰም አለ፤ ጉዳት የማድረስ ሐሳብ ላለው ሰው ቀኑንና ቦታውን ቆርጦ መስጠት ነው።

እንዲህ የሚያደርገው ምን ዓይነት ሰው ነው? ብዙዎች «አብዶ ነው» ወይም «ከልቡ አፍቅሮ ነው» ይላሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ፖል ሙለንና ባልደረቦቹ እንዲህ ያሉ ሰዎችን አጥንተው በአምስት ሲመድቧቸው፣ ከቀድሞ የፍቅር ግንኙነት የሚነሱትን «የተገፉ» የሚል ስም ሰጧቸው። የተገፋው ሰው መመለስና መበቀል በአንድ ልብ ውስጥ ተቀላቅለውበታል። ጠዋት «ይቅርታ፣ ያለ አንቺ መኖር አልችልም» ብሎ የጻፈው ማታ «ታያለሽ» ብሎ ቢጽፍ ተቀይሮ አይደለም። ሁለቱም መልእክት አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ የሚለቀኝ ሰው እኔ ካልፈቀድኩ አይለቀኝም።

ከመለያየት በኋላ ያሉት ወራት

«ተለያይተዋል እኮ፣ አሁን ምን ያሰጋታል?» የሚለው ጥያቄ ከልብ ይጠየቃል፤ መልሱ ግን ከሚጠበቀው ተቃራኒ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት በቅርብ ወንድ አጋራቸው ወይም በቀድሞ አጋራቸው የተገደሉ ሴቶችን መዝገብ አገላብጦ፣ ከእነዚህ ውስጥ 76 በመቶዎቹ ከመገደላቸው በፊት በነበሩት 12 ወራት እንዲህ ዓይነት ክትትል ደርሶባቸው እንደነበር አገኘ። የግድያ ሙከራ ተደርጎባቸው በሕይወት ከተረፉት መካከል ደግሞ 85 በመቶ። ብሪታንያዊቷ የወንጀል ተመራማሪ ጄን ሞንክተን ስሚዝ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት 372 የሴት ግድያዎችን መርምራ መንገዱን በስምንት ደረጃ አስቀመጠችው። ብዙዎቻችን «በንዴት ተነሥቶ ገደላት» የምንለው ነገር በእሷ መዝገብ ውስጥ በንዴት የተነሣ አልነበረም። መቆጣጠር ነበረ፣ ከዚያ ለቁጥጥሩ አደጋ የሆነ ነገር መጣ፣ ብዙውን ጊዜም መለያየት፤ ከዚያ ክትትሉና ልመናው ተባባሰ፣ ከዚያ ሰውየው ሐሳቡን ለወጠ፣ ዕቅድ አወጣ። ሐሳብ የሚለወጥበት ቦታ ላይ አንዳንዴ ጸጥታ አለ። ለወራት ሲደውል የነበረ ሰው በድንገት ዝም ሲል ቤተሰብ «ተመስገን፣ ተወው» ይላል። ያ ዝምታ መተው ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል።

ይህ የውጭ አገር ወሬ እንዳይመስል። በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ሲከታተላት የነበረ ሰው በአንዲት ወጣት ፊት ላይ አሲድ ደፋ፤ አብረዋት የነበሩት እህቶቿም ተጎዱ፣ እሷ ለሕክምና ፈረንሳይ ተወሰደች። አገሩ ሁሉ አለቀሰ፣ ስለ አሲድ ተነጋገረ። ከአሲዱ በፊት ስለነበሩት ዓመታት ግን ብዙም አልተነጋገርንም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ በቀድሞ ባሏ ሁለት ዓይኗን አጣች፤ ያኔም እንዲሁ አለቀስን። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ስትጠለፍ ጠላፊው የቀድሞ ፍቅረኛዋ አልነበረም፤ የጸጥታ ሥራ ላይ የነበረ፣ ሊያገባት የፈለገ ሰው ነበር። ጉዳዩን እዚህ ያመጣሁት ሐሳቡ አንድ ስለሆነ ነው፤ እሷ እምቢ ማለቷ እንደ መልስ አልተቆጠረም።

ስንት ሴቶች እንዲህ እንደሚኖሩ የሚናገር አገራዊ ቁጥር መጥቀስ ብችል ደስ ባለኝ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ካገቡ ወይም አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባል ወይም ከአጋር አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ይናገራል። ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የጠየቁት ደግሞ 23 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ትዳር ውስጥ ሆኖ የሚታይ ቁስል ያላት ሴት እንዲህ ዝም የምትል ከሆነ፣ ቁስል የሌላት፣ ሚስትም ያልነበረች፣ «ቦይፍሬንዴ ነበር» ለማለት ከአባቷ ፊት የምታፍር ልጅ ምን ያህል ዝም እንደምትል መገመት አያዳግትም። ለእሷ መናገር ማለት መጀመሪያ ግንኙነቱን ራሱን መናዘዝ ነው።

ስልኩን ያያል፣ በሩን አያይም

አሁን ወደ ሕጋችን እንግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ ነው። አንቀጽ 580 ዛቻን ይቀጣል፤ ሰውን በሚያሸብር ከባድ አደጋ የዛተ ሰው፣ ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ ከስድስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማይበልጥ መቀጮ ይቀጣል። የሰው ቤት ያለ ፈቃድ መግባትን የሚቀጣ ድንጋጌ አለ። በአካልና በአእምሮ ጤና ላይ ጉዳት ማድረስን የሚቀጡ አሉ። በትዳር ወይም እንደ ባልና ሚስት አብሮ በመኖር ውስጥ የሚደርስ ጥቃትን የሚመለከተው አንቀጽ 564 አለ፤ እሱም የሚናገረው ስለ ትዳር ጓደኛና አብሮ ስለሚኖር ሰው ነው፣ ጉዳት እስኪደርስም ይጠብቃል። የተለያዩ፣ አብረው ኖረውም የማያውቁ ሁለት ወጣቶች የት ናቸው? ደጃፏ ላይ በየቀኑ የሚቆም፣ የማይዝት፣ በር የማይሰብር፣ እጁን የማያነሳ ሰውስ የትኛው አንቀጽ ውስጥ ይገባል? ሲደጋገም ወንጀል የሚሆን የመከታተል ድርጊት የወንጀል ሕጉ ውስጥ ራሱን ችሎ አልተጻፈም።

ከዚያ በ2008 ዓ.ም. የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወጣ። አንቀጽ 13ን ያነበበ ሰው ይደነቃል። ንዑስ አንቀጽ 2 ስለ ተጎጂው ወይም ስለ ቤተሰቡ የሆነ መረጃን በኮምፒውተር ሥርዓት በመላክ ወይም ደጋግሞ በማስተላለፍ፣ ወይም የተጎጂውን የኮምፒውተር ግንኙነት በመከታተል ፍርሃት፣ ስጋት ወይም የሥነ ልቦና ጫና የፈጠረን ሰው ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን ከአሥር ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል። «ደጋግሞ» የሚለው ቃል እዚያ አለ። «የሥነ ልቦና ጫና» አለ። መምታት፣ መሳደብ፣ በር መስበር አልተጠየቀም። መርማሪው ብዕሩን የሚያነሳበት ሕግ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በቴሌግራም እየደጋገመ ሲያስጨንቃት የነበረ ሰው እስከ አሥር ዓመት ሊደርስ የሚችል ክስ አለበት። ያው ሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ከቤቷ በር ፊት ለፊት በአካል ሲቆም፣ ማለትም ይበልጥ ሲቀርብ፣ ይበልጥ አደገኛ ሲሆን፣ ሕጉ አያየውም፤ አፉን ከፍቶ ቢዝትባት እንኳ ጣሪያው ስድስት ወር ወይም 500 ብር ነው። ሕግ አውጪው ይህን አስቦበት አይመስለኝም። አንዱ ሕግ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ሌላው ስለ ኢንተርኔት በተፈራበት ዘመን ተጽፎ እንዲሁ ተለያይተው ቀሩ። ለተበዳይዋ ግን ስልኩና በሩ የተለያዩ ዓለማት አይደሉም፤ አንዱ ሲዘጋ ሰውየው ወደ ሌላው ነው የሚዞረው። ስልኩን መዝጋቷ ወደ በሩ ሊያመጣው ይችላል።

ሌላም ያልተነገረለት መሣሪያ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 10 በሰብአዊ መብቱ ላይ ሕገ ወጥ ሁከት የደረሰበት ሰው ሁከቱ እንዲቆምለት የመጠየቅ መብት አለው ይላል፤ የካሣው ነገር ለብቻው ሆኖ። ጉዳት የሚያደርስ ድርጊት እንዳይፈጸም ወይም እንዳይቀጥል ፍርድ ቤት ማገድ እንደሚችልም ይኸው ሕግ ይናገራል። በወንጀል ሕጉም ቢሆን ወንጀል እንደሚሠራ የዛተ ሰው መልካም ጠባይ እንዲያሳይ ግዴታ እንዲገባና ዋስ እንዲጠራ የሚደረግበት የጥንቃቄ እርምጃ አለ። ዘሩ አለ ማለት ነው። የጎደለው የሚበቅልበት መሬት ነው፤ አንዲት ሴት ያለ ጠበቃ፣ በአንድ ገጽ ማመልከቻ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ «አትቅረባት» የሚል ትዕዛዝ የምታገኝበት፣ ትዕዛዙ ሲጣስም ፖሊስ «ምን አደረገሽ?» ሳይል ሰውየውን የሚይዝበት አሠራር። በሌሎች አገሮች የጥበቃ ትዕዛዝ የሚባለው ይህ ነው፤ እኛ ጋ ራሱን የቻለ እንዲህ ያለ ሕግ የለም።

ሌሎች እንዴት አደረጉት

ካሊፎርኒያ በ1990 እ.ኤ.አ. ደጋግሞ መከታተልን ራሱን የቻለ ወንጀል ስታደርግ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ሌሎቹ ግዛቶች ተከተሏት። ብሪታንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ ሁለት ጊዜ የተፈጸመ ነገር ለክስ ይበቃል አለ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል ደግሞ ምሳሌዎቹን ዘረዘረ። መከተል፣ ለመገናኘት መሞከር፣ ኢንተርኔት አጠቃቀምን መሰለል፣ አንድ ቦታ ላይ ያለ ጉዳይ መዋል። ይህች የመጨረሻዋ የእኛን በር ላይ የሚቆም ሰው ቁልጭ አድርጋ ትገልጸዋለች።

«የፈረንጅ ሕግ ነው» ለሚል ደግሞ ጎረቤታችን አለች። ኬንያ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የቤት ውስጥ ጥቃት መከላከያ ሕግ ክትትልን ከጥቃት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ጽፎታል፤ ጥበቃው የሚደርሰው ለባልና ሚስት ብቻ ሳይሆን ለተፋቱ፣ ተጫጭተው ለነበሩ፣ ልጅ ላፈሩ ሰዎችም ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው፣ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው ሕግ ምንም ዝምድና የሌለው ሰው እንኳ ትዕዛዝ መጠየቅ ይችላል። የሚያስጨንቀው መልእክት ከማይታወቅ ቁጥር ከሆነ፣ የላኪውን ማንነት እንዲገልጽ ፍርድ ቤቱ የቴሌኮም ድርጅቱን ያዝዛል። ሲም እየቀያየሩ የሚደውሉ ሰዎች በሞሉበት አገራችን ይህች አንዲት ድንጋጌ ብቻ ስንቱን ታሳርፍ ነበር።

እኛም ቢሆን ሕግ መለወጥ አያቅተንም። በአሮጌው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት ጠልፎ ኋላ ያገባት ሰው ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ዛሬ አንቀጽ 587 ለጋብቻ ብሎ የጠለፈን ሰው ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ማግባቱም አያድነውም። ጠለፋን «ባህል» ከመባል አውጥቶ ወንጀል ያደረገ አገር፣ ከጠለፋ በፊት ያለውን መጠበቅና መከተል ለምን አይመለከትም?

ውጭ ያሉት ወገኖች

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሕጉ አላቸው። ሜሪላንድ ውስጥ የመጨረሻ የጥበቃ ትዕዛዝ እስከ አንድ ዓመት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ ሁለት ዓመት ይሰጣል፤ አስቸኳዩ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት በአማርኛ አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ከተሞች አንዷ ናት። እዚያ ችግሩ የሕግ አለመኖር ሳይሆን የማኅበረሰባችን ትንሽነት ነው። ሁሉም በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ መስጊድ፣ በአንድ እንጀራ መሸጫ፣ በአንድ ማኅበር ይገናኛል። በትዕዛዝ ከቤቷ የራቀው ሰው እሑድ ቅዳሴ ላይ ከወንዶች መቆሚያ አሻግሮ ያያታል። «የእግዚአብሔር ቤት ነው፣ ማን ይከለክለዋል?» ይባላል። ማመልከቻ ስትሞላ የቤቷንና የሥራ ቦታዋን አድራሻ ብቻ ጽፋ እንዳትተው፤ የምትገለገልበት ቤተ ክርስቲያንና የልጆቿ ትምህርት ቤትም በትዕዛዙ እንዲጠቀሱላት ዳኛውን መጠየቅ ትችላለች።

ሁለተኛው «ወረቀትሽን አስቀማሻለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ ነው። ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት የሆነ ባል ጥቃት ያደረሰባት ሚስት ያለ እሱ እርዳታ፣ እሱም ሳይሰማ፣ በራሷ ስም ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት የምትችልበት መንገድ አሜሪካ ውስጥ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የተወሰኑ ወንጀሎች ሰለባ ሆነው ከመርማሪዎች ጋር ለሚተባበሩ ሰዎች በሚሰጠው ዩ ቪዛም ክትትል ከወንጀሎቹ አንዱ ነው። ይህን ሳያውቁ ዓመታት የታገሡ ሴቶች መኖራቸው ያሳዝናል። በእስራኤልም ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስፈራ ትንኮሳን የሚያግድ ትዕዛዝ ፍርድ ቤት የሚሰጥበት ሕግ አለ።

ወንዶችም በቀድሞ ፍቅረኛቸው ይህ ይደርስባቸዋል፤ ሲናገሩ ይሳቅባቸዋል፣ ሳቁም ዝም ያሰኛቸዋል። ከላይ ያልኩት ሁሉ ለእነሱም ይሠራል።

እስከዚያው

ሕጉ እስኪለወጥ የሚጠብቅ ሰው ዛሬ ማታ ወደ ቤቱ መግባት አለበት። ስለዚህ የሚጠቅመውን ልናገር።

አንድ ጊዜ፣ በጽሑፍ፣ ያለ ምክንያት ዝርዝር «ከእንግዲህ እንዳትደውል፣ እንዳትጽፍ፣ እንዳትመጣ» ማለት ይጠቅማል። «አሁን ዝግጁ አይደለሁም»፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚሉት ለስለስ ያሉ መልሶች በእሱ ጆሮ ቀጠሮ ናቸው። ከዚያ በኋላ መልስ የለም፤ ስድብም መልስ ነው። ሰውየው ቀድሞ አንቆ የሚያውቅ፣ መሣሪያ ያለው፣ «ከእኔ ካልሆንሽ የማንም አትሆኚም» ወይም «ራሴን አጠፋለሁ» ያለ ከሆነ ግን ይህን መልእክት ከመላክ በፊት ከቤተሰብና ከሕግ ባለሙያ ጋር መምከር፣ የሚያድሩበትንም ማሰብ ይቀድማል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም ማረፊያ ቤቶች አሉት። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል የት እንደሆነ ጠይቁ።

ልጅ ካለ ነገሩ ይከብዳል፤ «አትገናኙ» ማለት አይቻልም። አባት ልጁን የሚያይበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ በፍርድ ቤት እንዲወሰን፣ ርክክቡም በአክስት ወይም በአያት በኩል እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል። «ልጄን ለማየት መጣሁ» የሚለው ምክንያት የእናቲቱን በር ማንኳኪያ ሲሆን ዳኛው ማወቅ አለበት።

ስልኩን በተመለከተ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። የሚያስጠላ መልእክት ሲመጣ አጥፍቶ መገላገል ያምራል፤ ግን ማስረጃው እሱ ነው። በቴሌግራም ደግሞ ላኪው የላከውን መልእክት ከሁለታችሁም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ሌሊት ዝቶ ጠዋት ያጠፋዋል። ስለዚህ መልእክቱ እንደገባ ወዲያው ስክሪንሾት ማንሳት፣ ስሙ፣ ቁጥሩና ሰዓቱ መታየታቸውን ማረጋገጥ፣ ምስሉንም ለምታምኑት ሰው መላክ ያስፈልጋል። የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አካውንታችሁ በየትኞቹ ስልኮች ላይ ክፍት እንደሆነ እዩ፤ አብራችሁ ሳላችሁ በእሱ ስልክ ከፍታችሁት የረሳችሁት ሊኖር ይችላል። ሲሙስ በማን ስም ነው የወጣው? በእሱ መታወቂያ የወጣ ሲም ከሆነ «ጠፋብኝ» ብሎ ምትክ ማውጣት ይችላል፤ ምትኩ በእጁ ሲገባ የቴሌግራምና የቴሌብር የማረጋገጫ ኮዶች ወደ እሱ ይሄዳሉ። ይህ በብዙ ቤት ያለ፣ ማንም ልብ የማይለው ቀዳዳ ነው። ሌላው አዲሱ በር የገንዘብ ዝውውር ነው። አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ትልቅ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. በሦስት ወር ብቻ ከ8,000 በላይ ደንበኞቹ በጥቃቅን ዝውውሮች ላይ የተጻፉ የስድብና የማስፈራሪያ መልእክቶች እንደደረሷቸው አግኝቷል። በእኛም የባንክ መተግበሪያዎች ላይ «ምክንያት» የሚጻፍበት ቦታ አለ። አምስት ብር ከመልእክት ጋር ከገባላችሁ፣ የላኪው ስም የሰፈረበት፣ ባንክ የመሰከረለት ማስረጃ ነውና ደረሰኙን አስቀምጡ።

በአካል ለሚመጣው ደግሞ ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን እንዳደረገ፣ ማን እንዳየ። ስሜት መጻፍ አያስፈልግም። ምስክር የለኝም የምትል ሴት ብዙ ጊዜ ምስክር አላት። የሕንፃው ጥበቃ ሰውየው ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ያውቃል። ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ባለቤት ካርድና ሲጋራ ሸጦለታል፣ «ማንን ነው የምትጠብቀው?» ብሎም ጠይቆታል። የታክሲ ተራ አስከባሪው ሰልፉን ጥሶ ከኋላዋ ሲገባ ተቆጥቶታል። የእነዚህን ሰዎች ስምና ስልክ ከደብተሩ ጀርባ ይዛ የሄደች ሴት «ምን አደረገሽ?» ስትባል መልሷን «ጥር 3 ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ጥር 4 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ጥር 6…» ብላ ትጀምራለች።